የክራንክ ሻፍት ባላንሰር በመዶሻ አይገጠምም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለሹፌሮችና ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለተሸጠው እህል፣ ስለቀረበው ማዳበሪያና ለአባላት ስለተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ግን ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ከማራገቢያው ሥር ተደብቆ የሚኖር አንድ ክብ ብረት ነው። የክራንክ ሻፍት ባላንሰር ይባላል። አንዳንዱ ባለሙያ ዳምፐር ይለዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ቺንጋ ስለሚዞርበት ብቻ ፑሊ ብሎ ያልፈዋል። ይህ የስም ስሕተት ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ መዘዙ ቀላል አይደለም። ፑሊ ነው ተብሎ የታሰበ ዕቃ እንደ ፑሊ ይጎተታል፣ እንደ ፑሊ ይመታል።

ነገሩ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ጉዳይ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በአርሲና በባሌ የመኸር ስንዴ በአብዛኛው የሚታጨደው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ኮምባይነር ወይም አንድ የጭነት መኪና ሲቆም የሚቆመው ሞተር ብቻ አይደለም፤ የደረሰ ስንዴ ማሳ ላይ ይቆማል፤ ያለ ጊዜው ዝናብ ከመጣም ዛላው ላይ ይበቅላል። አሁን ደግሞ የሞተሩ የፊት ፓራዮሊ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ እንበል። ፓራዮሊው በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ጎማ ነው። በሰላም ቢሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሆኖም ፓራዮሊውን ለመለወጥ ባላንሰሩ መውጣት አለበት፤ ከወጣም በኋላ መመለስ አለበት። ጥፋቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው ሲመለስ ነው። ትንሽ ጎማ ለመለወጥ የተከፈተ ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ተጎድቶ ይዘጋል፤ ጉዳቱም ወዲያው ስለማይታይ መኪናው ከጋራዥ በምስጋና ይወጣና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ይቀራል።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥራውን ያወቀ ሰው መዶሻ ለማንሳት እጁ አይፈጥንምና። ክራንክ ሻፍት ወፍራም ብረት ቢሆንም እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ታች ይገፋል፣ ክራንክ ሻፍቱም ለቅጽበት ተጠምዝዞ እንደ ሞላ ይመለሳል። ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 2000 ዙር ሲሄድ በደቂቃ 6000፣ ማለትም በሰከንድ 100 ግፊት ይደርስበታል። ብረቱ በተፈጥሮው የራሱ የመርገብገብ ምት አለው። የግፊቱ ምት ከብረቱ ምት ጋር የገጠመ ዕለት፣ ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ በልኩ እየተገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል ሁሉ ጥምዘዛውም እያደገ ይሄዳል። ውጤቱ የተሰነጠቀ ክራንክ ሻፍት፣ የተበላ የታይሚንግ ጥርስ፣ የላላ ቡሎን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900ዎቹ መጀመሪያ ረዣዥም ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮች መሠራት ሲጀምሩ ይህ ችግር የመሐንዲሶችን እንቅልፍ የነሣ ነበር። በእንግሊዝ አገር ፍሬደሪክ ላንቸስተር የተባለው መሐንዲስና የሮልስ ሮይሱ ሄንሪ ሮይስ በየበኩላቸው መፍትሔ የፈለጉለት በዚያው ዘመን ነው። መፍትሔው በክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ላይ ከባድ ቀለበት ማንጠልጠል ሆነ፤ ቀለበቱ ግን በግትር የታሰረ ሳይሆን ትንሽ የሚንሸራተት ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ባላንሰር ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። መሐል ላይ ክራንክ ሻፍቱን የሚይዘው እምብርት፣ ውጭ ከባዱ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የጎማ ሽፋን አለ። እምብርቱ ሲርገበገብ ቀለበቱ በክብደቱ ምክንያት እኩል መዞሩን ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው ጎማ እየታሸ እርግብግቢቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል። ስለዚህ የዕቃው ሕይወት ያለው በዚያ ቀጭን ጎማ ላይ ነው። አንዳንድ ትላልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ በጎማው ፈንታ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ያለበት የታሸገ ቤት አለ፤ ቀለበቱ በፈሳሹ ውስጥ ይዋኛል። በቀለበቱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ አንድ የመዶሻ ምት ቤቱን ከሰረጎደው ቀለበቱ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ ተራ ብረት ነው፤ አይጠገንም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ጣልቃ ይግባ። መለዋወጫ ቤት ሄዶ ባላንሰር ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ከሚገኙት የፐርኪንስ 4.236 ሞተሮች ብዙዎቹ በዘይት መያዣው ውስጥ ሌላ ባላንሰር አላቸው። ይህኛው ሁለት ዘንጎች ያሉት ሲሆን ዘንጎቹ ሚዛናቸው ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው፤ በክራንክ ሻፍቱ እጥፍ ፍጥነት እየዞሩ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ያለበትን ወደ ላይና ወደ ታች የመዝለል ጠባይ ያረጋጋሉ። የዚህም ሐሳብ ባለቤት ያው ላንቸስተር ነው። ሁለቱ ዕቃዎች ስም ይጋሩ እንጂ ሥራቸውም፣ ቦታቸውም፣ መግጠሚያቸውም የተለያየ ነው። የዘይት መያዣው ውስጥ ያለው የሚገጠመው በምልክት ተመርቶ ነው፤ ጥርሱ አንድ ቢስት ሞተሩ ከማረጋጋት ይልቅ ይብስ ይንቀጠቀጣል። የግዥ ሠራተኛው የሞተሩን ቁጥር ጽፎ ካልሄደ አንዱን በሌላው ቀይሮ መምጣቱ አይቀርም። የዛሬው ንግግር የፊተኛውን ባላንሰር ብቻ ይመለከታል።

ትክክለኛውን መሣሪያ የሚወስነው ባላንሰሩ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ መሣሪያ መደብር መሄድ የእግር ልክ ሳይታወቅ ጫማ እንደመግዛት ነው። በየጋራዡ የሚያጋጥሙት አያያዦች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። በዙሪያው ባሉ ቡሎኖች የሚታሰር አለ፤ በልኩ ገብቶ በኪያቬታና በመሐል ቡሎን የሚያዝ አለ፤ ክራንክ ሻፍቱ ላይ በኃይል ተጭኖ የሚገባና በጥብቀቱ የሚያዝ ደግሞ አለ።

በቡሎን የሚታሰረው ከሁሉ ቀላሉ ነው። የከሚንስ ቢ ተከታታይ ሞተሮች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በቻይና አገር በዶንግፌንግ በኩል በፈቃድ የተመረተው 6ቢቲም ከዚህ ቤተሰብ ነው። በእነዚህ ላይ ባላንሰሩ በ4 ቡሎኖች ይታሰራል፤ ምንም መጫኛ መሣሪያ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ቶርክ ሬንችና ሞተሩ እንዳይዞር የሚይዝ መሣሪያ ነው። ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ከፍ እየተደረጉ መጽሐፉ ላይ እስከተጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። የከሚንስ ባላንሰር ሌላ መልካም ነገር አለው። እምብርቱና የውጭ ቀለበቱ ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙ መስመሮች ተቀርጸዋል። መስመሮቹ ከ1.59 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ቀለበቱ ጎማው ላይ ተንሸራቷል ማለት ስለሆነ ባላንሰሩ ይለወጣል። ይህን ለማየት ፋኖስና ጨርቅ ይበቃል፤ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በኪያቬታና በመሐል ቡሎን የሚያዘው በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ላይ ይገኛል። ባላንሰሩ በእጅ ግፊት ወይም በቀላል መታ መታ ይገባል፤ ኃይሉን ሁሉ የሚይዘው የመሐሉ ትልቅ ቡሎን ነው። የቡሎኑ ማጥበቂያ ልክ ከፍተኛ በመሆኑ ትክክለኛው መሣሪያ የሚገፋ ሳይሆን የሚይዝ ነው፤ ፑሊው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ታስሮ ክራንክ ሻፍቱ እንዳይዞር የሚያደርግ ረጅም ክንድ ማለት ነው። በዚህ መሣሪያ ፈንታ ካቻቢቴ በቮላኖው ጥርስ መሐል ሸጉጦ መያዝ የብዙ ጋራዦች ልማድ ነው፤ ውጤቱም የተሰበረ ጥርስ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቡሎኑን ለመፍታት መፍቻውን ሻሲ ላይ አስደግፎ ሞተሩን በማስነሻው መታ ማድረግ ነው። መፍቻው ከተነቀለ የሚሄድበት አቅጣጫ አይታወቅም፤ የሚያድንም የለም። ሲጠብቅ በእጅ ግምት የሚተው ቡሎን ጥቂት ቆይቶ ይላላል። የላላ ፑሊ ኪያቬታውን ይበላል፣ ቀጥሎ የኪያቬታውን ቦይ ያሰፋል፣ በመጨረሻም የክራንክ ሻፍቱን አፍንጫ ያበላሻል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ቶርክ ሬንች በሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ የያዘው ሰው ለስብሰባ ስለሄደ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነገር በየቦታው የሚታይ ነውና።

ሦስተኛው ዓይነት፣ በጥብቀት የሚገባው፣ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው ነው። ዋነኛ ቤቱ አሜሪካ ነው። የሼቭሮሌ፣ የፎርድና የክራይስለር ቪ8 ሞተሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ይህን ነው። በአሜሪካ የእርሻ መኪናዎችና የመስኖ ፓምፖች ላይም ሲያገለግሉ የኖሩ ሞተሮች ናቸው። የባላንሰሩ ቀዳዳ ከክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ በ0.025 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠባል። ይህ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ብረት በብረት ላይ ሲሆን በእጅ ከቶ አይገባም። ባለሙያውም እንቢ ያለውን ዕቃ ሲያይ ወደ መዶሻ ይዞራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መዶሻው የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ በላይ ነው። ምቱ ውጭኛው ቀለበት ላይ ካረፈ ጎማው ከብረቱ ይላቀቃል። እምብርቱ ላይ ቢያርፍም እንኳ ኃይሉ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄድና ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተቱን የሚገታው ብሮንዚና ላይ ያርፋል። ያ ብሮንዚና የተሠራው በዘይት ላይ ለሚመጣ ለስላሳ ግፊት እንጂ ለመዶሻ አይደለም። በተጨማሪ ቀለበቱ ጥቂት ዲግሪ ከዞረ ላዩ ላይ የተቀረጸው የታይሚንግ ምልክት ይዋሻል። ባለሙያው በምልክቱ አምኖ ታይሚንግ ያስተካክላል፣ ሞተሩ ግን ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፤ ካርቡሬተሩ ይወቀሳል፣ ነዳጁ ይወቀሳል። ጥፋተኛው ግን ፊት ለፊት እየዞረ ነው።

መዶሻን የተወ ባለሙያ ደግሞ ሁለተኛ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ባላንሰሩን በራሱ የመሐል ቡሎን እየሳቡ ማስገባት ነው። ሲታይ ብልሃት ይመስላል። ቡሎኑ ግን የተሠራው የገባውን ዕቃ ለመያዝ እንጂ ለማስገባት አይደለም። ርዝመቱ አጭር በመሆኑ ባላንሰሩ ገና በጅምር ላይ ሳለ ቡሎኑ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ኃይል በሁለት ጥርስ ላይ መጣል ጥርሱን ከክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ገፍፎ ማውጣት ነው። የቡሎን ጥርስ ቢበላ ቡሎን ይገዛል፤ የክራንክ ሻፍት ጥርስ ሲበላ ግን ራዲያተሩ ወርዶ፣ ቀዳዳው በልኩ ተበስቶና በማስኪዮ ጥርስ ወጥቶለት፣ የብረት ጠምዛዛ ሽቦ ሊገባበት ግድ ይሆናል። መብሻው ጥቂት ከተጣመመ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱ ራሱ መውጣቱ ነው።

ትክክለኛው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያስገርማል። ሙሉ በሙሉ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ፣ አንድ ትልቅ ዳዶ፣ አንድ ወፍራም ሮንዴላና በመካከላቸው የሚቀመጥ ግፊት የሚችል ኩሽኔታ ነው። ዘንጉ ክራንክ ሻፍቱ ውስጥ በእጅ እየተዞረ እስከ መጨረሻው ይገባል፤ በመጀመሪያ ሁሉንም ጥርስ ይይዛል ማለት ነው። ከዚያ ባላንሰሩ ኪያቬታውን ጠብቆ ዘንጉ ላይ ይጠለቃል፤ ኩሽኔታው እምብርቱ ላይ ይደገፋል፤ ዳዶው ከኋላ ይከተላል። ዘንጉ በአንድ መፍቻ ተይዞ ቆሞ ሳለ ዳዶው ብቻ ይዞራል፤ ባላንሰሩም ያለ አንዳች ምት እየተንሸራተተ ይገባል። ኩሽኔታው የሚያስፈልገው ዳዶው ብረት ላይ እየፋቀ ኃይሉን እንዳይበላው፣ ዘንጉንም አብሮ እንዳያዞረው ነው። ግፊቱ በዘንጉና በእምብርቱ መካከል ስለሚያልቅ በሞተሩ ውስጥ ያለው ብሮንዚና ምንም አይደርስበትም። የዚህ መሣሪያ ዋና ጥበብ ይኸው ነው።

ትክክለኛውን መሣሪያ መፈለግ ማለት እንግዲህ በአብዛኛው ትክክለኛውን የዘንግ ጥርስ መፈለግ ነው። አነስተኛው የሼቭሮሌ ቪ8 7/16 ኢንች በኢንች 20 ጥርስ ነው። ትልቁ ሼቭሮሌ 1/2 ኢንች በ20 ነው። አነስተኛው የፎርድ ቪ8 5/8 ኢንች በ18፣ ክራይስለር 3/4 ኢንች በ16 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 ወዲህ የመጣው የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ ወደ ሜትሪክ ዞሮ ኤም16 በ2 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ከቀድሞዎቹ የሼቭሮሌ ሞተሮች አንዳንዶቹ ደግሞ በክራንክ ሻፍታቸው ጫፍ ላይ ጭራሽ የጥርስ ቀዳዳ የላቸውም፤ ፋብሪካው ራሱ ባላንሰሩን ጭኖ ያስገባ ነበር። ለእነዚህ አዋቂዎች የሚመክሩት ክራንክ ሻፍቱ ሲወርድ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስበሳትን ነው።

በኢንችና በሜትሪክ መካከል ያለው መመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። 5/8 ኢንች 15.875 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤም16 ጋር በዓይን አይለይም። ባለ 18ቱ ጥርስ ርቀት 1.41 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤም16 በ1.5 የሚባለው ቡሎን ደግሞ አለ። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር በሰላም ይገባል፤ ከዚያ ይጨብጣል። ባለሙያውም ቆሻሻ ነው ብሎ ያስገድደዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዘንግ በእጅ ጣት ብቻ ተዞሮ እስከ ጥግ ካልገባ የዚያ ሞተር አይደለም። ወደ መደብር ሲኬድም የሞተሩ ነባር ቡሎን በኪስ ይያዝ፤ ከቡሎኑ የተሻለ ምስክር የለም።

በመደብሮች ባላንሰር መግጠሚያ ተብሎ በሳጥን የሚሸጠው ዕቃ በአብዛኛው ለእነዚህ ለአሜሪካ ሞተሮች የተዘጋጀ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ የሚያብረቀርቅ ዘንግ መኖሩ ገዥን ያማልላል። ይሁን እንጂ ያለው መኪና ሁሉ በመሐል ቡሎን ወይም በ4 ቡሎን የሚታሰር የሆነ ዩኒየን ይህን ሳጥን ቢገዛ ያስቀመጠው ገንዘብ እንጂ መሣሪያ አይደለም። በዚያው ዋጋ ጥሩ ቶርክ ሬንችና የፑሊ መያዣ ክንድ ቢገዛ ይሻለዋል። ስለዚህ ከግዥ በፊት የሁሉም ማሽነሪ ዝርዝር ይውጣ፤ በየሞተሩ ፊት ለፊት ባላንሰሩ በምን እንደታሰረ ይጻፍ፤ የመሐል ቡሎኑ ጥርስ ይለካ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሹፌሮቹ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

አንድ ሁለት በጥብቀት የሚገባ ሞተር ብቻ ያለው ጋራዥ መሣሪያውን ራሱ ሊሠራ ይችላል፤ ነውርም አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር ያለበት ወይም በኢንች ከሆነ የዚያ አቻ የሆነ ረጅም ቡሎን ይመረጣል። ተራ የግንባታ ዘንግ ግን አይሆንም፤ ለስላሳ በመሆኑ ይለጠጣል። ኩሽኔታው ከተጣለ የመኪና ኪንግ ፒን ሊገኝ ይችላል፤ ያ ኩሽኔታ ዕድሜውን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ የኖረ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነው። ሮንዴላው በቶርኖ ከ10 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ብረት ይሠራና እምብርቱን ብቻ እንዲነካ ተደርጎ ይጠበባል። ሮንዴላው ሰፍቶ የውጭውን ቀለበት ከገፋ መዶሻው የሠራውን ጥፋት በዝግታ ይሠራዋል።

ማሞቅን በተመለከተ በየጋራዡ ክርክር አለ። በጋዝ እሳት ማሞቅ ጎማውን ያቃጥላል፤ ክርክር አያስፈልገውም። የፈላ ውኃ ግን ሌላ ነገር ነው። 32 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.027 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሰፋል፤ ይህም ያንኑ ጥብቀት የሚያህል ነው። አሰላን በመሰለ ከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ጎማው ይበልጥ ይጠበቃል። ሆኖም የሞቀው እምብርት ቀዝቃዛውን ክራንክ ሻፍት እንደነካ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ መንገድ ላይ ከያዘም እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ የፈላ ውኃ ለመሣሪያው ረዳት ይሆናል እንጂ መሣሪያውን አይተካም፤ ከውኃው ሲወጣም በደንብ ይድረቅ።

ስለ ማውጣቱም ጥቂት ይባል። ሦስት ጥፍር ያለው ተራ ፑለር ጥፍሩን የሚያኖረው በውጭው ቀለበት ላይ ነው፤ ጎማውን በጥሶ ቀለበቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ትክክለኛው ፑለር በእምብርቱ ላይ ባሉ የጥርስ ቀዳዳዎች በቡሎን የሚታሰረው ነው፤ በሼቭሮሌ ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች 3 ሲሆኑ 3/8 ኢንች በ24 ናቸው። የፑለሩ መሐል ዘንግ የሚገፋው የክራንክ ሻፍቱን ጥርስ እንዳይሆን ጫፉ ላይ መከላከያ ብረት ይደረግበታል። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ሲያወጣ ያበላሸውን ጥርስ የሚያገኘው ሲገጥም ነው።

ከመግጠም በፊት የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ይጠረግ፤ ጭረት ካለው በጥሩ ወረቀት ሸርተት ይደረግ። ፓራዮሊው የሚያርፍበት የእምብርቱ ገጽ በጣት ይዳሰስ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው አዲስ ፓራዮሊ ቢገባም ዘይቱ ማፍሰሱን አይተውም፤ ቀጭን የብረት እጀታ ይለበስበት ወይም ባላንሰሩ ይለወጥ። የፓራዮሊው ከንፈር ዘይት ይቀባ፤ የኪያቬታው ቦይ ላይ ጥቂት ማሸጊያ ይደረግ፣ ዘይት በዚያ በኩል ሾልኮ ስለሚወጣ። ከተጣለ ሞተር የተነቀለ ባላንሰር ሲመጣ ደግሞ መግጠሙ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። የሼቭሮሌ 400 እና 454 ሞተሮች ሚዛናቸው በከፊል በባላንሰሩ ላይ ስለሆነ ከሌላ ሞተር የመጣ መሳይ ዕቃ በትክክል ገብቶ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። በፎርድ 302 ላይም የቀድሞውና የኋለኛው ሞተር ክብደት ይለያያል። ጎማው ቢሰነጠቅ፣ ቢያብጥ ወይም በዘይት ርሶ ቢለሰልስ ያ ዕቃ ለሚዛን ብረት ይሸጥ።

ባላንሰሩ እስከ ጥግ መግባቱ የሚታወቀው የዳዶው ክብደት በድንገት ሲጨምር ነው። ከዚያ መሣሪያው ይወጣና ነባሩ ቡሎን በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች ይጠብቃል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ክፍተት በዲያል ጌጅ ይለካል፤ ከመፈታቱ በፊት ከተለካው ጋር አንድ ሆኖ ከተገኘ ውስጡ አልተጎዳም። ሞተሩ ሲነሣ ማንም ከባላንሰሩ ትይዩ አይቁም፤ ከጎን ሆኖ ይታይ። ሲዞር ዳርቻው ቀጥ ብሎ ከታየ መልካም ነው፤ ከተወዛወዘ ወዲያው ይጥፋ። መጀመሪያ ከተሠራበት ሳምንት በኋላ መስመር በነጭ ቀለም እምብርቱና ቀለበቱ ላይ አንድ ላይ ይሰመር፤ ዘይት በተለወጠ ቁጥር ሹፌሩ ያችን መስመር ይይ።

ለዛሬው ዝግጅት ሦስቱም ዓይነት ባላንሰሮች፣ ከጎናቸው ደግሞ የተገዛው መግጠሚያና በጋራዥ የተሠራው መግጠሚያ ከአዳራሹ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። በመዶሻ የተመታ አንድ ባላንሰርም አለ፤ የውጭ ቀለበቱ በእጅ ሲነቀነቅ ይወዛወዛል። ከምሳ በፊት ባለው ጊዜ ማንኛውም ሹፌርና ባለሙያ ዳዶውን በእጁ እያዞረ እንዲሞክረው፣ የየማኅበሩ ተወካዮችም የሞተሮቻቸውን ዝርዝር እዚያው በተቀመጠው መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ በትሕትና ይጠየቃሉ።